መስኮቱ ሲዘጋ ዳታው የት ይሄዳል?

ሰኔ 30 ሲቃረብ ንግድ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ቆጠራ ነው። መደርደሪያው ይራገፋል፣ ካርቶኑ ይከፈታል፣ አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው ይመዘግባል። የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም የሠራሁለት አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለ። የመደብሩን ባለቤት እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ እሳቸውም ልጄ ይሉኛል።

የዛሬ ሁለት ዓመት እሳቸውና ገንዘብ ተቀባይዋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረው እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሲቆጥሩ ዋሉ። ምስማሩ በኪሎ፣ ሽቦው በሜትር፣ ቀለሙ በጋሎን፣ ቧንቧው በቁጥር፣ ብቻ ከ1,000 በላይ የዕቃ ዓይነት አንድ በአንድ ኮምፒውተሩ ላይ አስገቡ። ሲጨርሱ ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮቱ ጥግ ላይ ያለችውን ኤክስ ተጫነች። መስኮቱ ተዘጋ። ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ ሱቁ ተቆለፈ።

ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ትናንት ያስገባነው እኮ የለም።»

«ምኑ ነው የሌለው እትዬ? ሁሉም?»

«ሁሉም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሄጄ አብሬያቸው ቆጠርኩ። ቀኑን ሙሉ ብሎን እየቆጠርኩ ሳስበው የነበረው አንድ ነገር ነው፦ እቤት ሆኜ ስሞክረው ሠርቷል። ኤክሷን ተጭኜ፣ መልሼ ከፍቼ፣ ዳታው እዚያው እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ እዚህ ምን ነካው?

የነካውን ነገር ለማግኘት ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ስለሆነ በዝርዝር ልጽፈው ነው።

ፕሮግራሙ የተጻፈው በሲ ሻርፕ (C#) ቋንቋ፣ መስኮት በሚሠራበት በዊንዶውስ ፎርምስ ነው፤ እዚያ መስኮት «ፎርም» ይባላል። ዳታቤዙ ኤስኪውላይት (SQLite) ነው፣ ሁሉን በአንድ ፋይል የሚይዝ። የቆጠራው ገጽ የሚገባውን ቁጥር ሁሉ ሜሞሪ ላይ ይይዝና ሰውየው ሲጨርስ አንዴ ወደ ዳታቤዙ ይጽፋል። ሰው «አስቀምጥ» የሚለውን ቁልፍ ሳይጫን ቢዘጋውስ? ለዚያ ደግሞ ፎርም ክሎዚንግ (FormClosing) የሚባለው፣ መስኮቱ ሊዘጋ ሲል የሚመጣው ኢቨንት ላይ ሴቭ የሚያደርግ ኮድ አስገብቼ ነበር። መስኮቱ እንዳይደርቅ ብዬ የማስቀመጡን ሥራ በጎን በሚሮጥ ታስክ ላይ አድርጌ ፊቱ አዌይት (await፣ «እስኪያልቅ ጠብቅ») ጻፍኩበት። ሲያዩት ንጹሕ ኮድ ነው። ችግሩም ያለው እዚያው ላይ ነው።

መስኮት ሲዘጋ የሚሆነውን በአማርኛ ብንነግረው በጣም ግልጽ ይሆናል። ኤክሷን ስንጫን ዊንዶውስ መስኮቱን አይዘጋውም፤ «ዝጋ ተብለሃል» የሚል መልእክት ነው የሚልክለት። መልእክቱ ደብሊው ኤም ክሎዝ ይባላል። ከዚያ ፎርም ክሎዚንግ ይመጣል፤ ይሄ «ሊዘጋ ነው» ማለት ነው። ገና አልተዘጋም፣ መመለስ ይቻላል። ቀጥሎ ፎርም ክሎዝድ ይመጣል፤ ይሄ «ተዘጋ» ነው፣ ከዚህ በኋላ ልመና የለም። «ሊዘጋ ነው» የሚለው ቦታ ላይ ጥያቄ እንጠይቃለን፣ እናስቀምጣለን፣ ካስፈለገም እናስቀራለን። «ተዘጋ» የሚለው ላይ ደግሞ የያዝነውን እንለቃለን፤ ታይመር እናቆማለን፣ ኮኔክሽን እንዘጋለን፣ የተከፈተ ፖርት ካለ እንለቃለን። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ጥያቄውን ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው የሚጠይቀው።

ይሄ የሲ ሻርፕ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ጃቫ ስዊንግ ላይ ዊንዶው ክሎዚንግ እና ዊንዶው ክሎዝድ አሉ። እዚያ ሌላ ጉድ አለ፦ ምንም ካልነገራችሁት ኤክስ ሲጫኑበት ጄ ፍሬም የሚባለው መስኮት ይደበቃል እንጂ ፕሮግራሙ አይወጣም። ኪውት ላይ ክሎዝ ኢቨንት አለ፤ ኢግኖር ካላችሁት መስኮቱ ይቆያል። ፓይተን ላይ በቲኬ ኢንተር የምትሠሩ ደግሞ ፕሮቶኮል በሚለው ፈንክሽን ደብሊው ኤም ዲሊት ዊንዶው ለሚለው ስም የራሳችሁን ፈንክሽን ትሰጡታላችሁ፤ ከሰጣችሁት በኋላ ግን መስኮቱን ማፍረስ የእናንተ ሥራ ነው፣ ዲስትሮይ ካላላችሁት ኤክሷ የተበላሸች ትመስላለች። ስሙ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

ወደኔ ጉድጓድ ልመለስ። ፎርም ክሎዚንግ ላይ ካንስል የምትባል ነገር አለች። ትሩ ካደረጋችኋት መስኮቱ አይዘጋም። ፎልስ ሆና ከቆየች ይዘጋል። ዋናው ጥያቄ መልሱ መቼ ይነበባል የሚለው ነው። የጻፋችሁት ፈንክሽን መጀመሪያ ሲመለስ ነው የሚነበበው። አዌይት ደግሞ የሚጠብቀው ሥራ ገና ካላለቀ ወዲያውኑ ይመለሳል፤ ቀሪውን በኋላ እቀጥላለሁ ብሎ። ዊንዶውስ ፎርምስ ያንን «በኋላ» አያውቀውም። ፈንክሽኑ ተመለሰ፣ ካንስል ፎልስ ናት፣ ይዘጋ። ዋናው መስኮት ሲዘጋ አፕሊኬሽን ረን የሚለው መስመር ያበቃል፣ ሜይን (ፕሮግራሙ የሚጀምርበት ፈንክሽን) ያበቃል፣ ፕሮሰሱ (እየሮጠ ያለው ፕሮግራም) ይሞታል። በጎን ሲሮጥ የነበረው ታስክ የተቀመጠበት ትሬድ (የሥራ መስመር) የባክግራውንድ፣ ማለትም የጀርባ፣ ትሬድ ስለሆነ ማንም አይጠብቀውም።

የቆጠራው ዳታ በሙሉ ደግሞ በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይገባል፣ ወይ ምንም አይገባም በሚል ጥቅል) ውስጥ ነበር። ስለዚህ ኮሚት ሳይደረግ (ሳይጸድቅ) ፕሮሰሱ ሲሞት ኤስኪውላይት የሚገባውን ነው ያደረገው፦ በሚቀጥለው ቀን ፋይሉ ሲከፈት በግማሽ የተጻፈውን መልሶ አጠፋው። ግማሽ ዳታ ከሚቀር ባዶ መሆኑ ትክክል ነው። ለዚህ ነው እትዬ «ሁሉም» ያሉት።

እቤት የሠራልኝ ለምን ነበር? የሞከርኩት በ20 ዕቃ ነው፣ ላፕቶፔም ፈጣን ነው። ፕሮሰሱ እስኪሞት ባለው ቅጽበት ውስጥ ጽፎ ይጨርስ ነበር። እነሱ ጋ ያለው ኮምፒውተር አሮጌ ነው፣ ዕቃው ከ1,000 በላይ ነው። አልደረሰም።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ፎርም ክሎዚንግ ውስጥ ከማንኛውም አዌይት በፊት ካንስልን ትሩ አድርጓት። መጀመሪያ አስቀሩት ማለት ነው። ከዚያ መስኮቱን ለጊዜው እንዳይነካ አድርጋችሁ «እያስቀመጥኩ ነው» የሚል ጽሑፍ አሳዩ። ከዚያ አስቀምጡ። ሲሳካ «ተቀምጧል» የምትል ምልክት ትሩ አድርጉና መስኮቱን እንደገና ራሳችሁ ዝጉት። ለሁለተኛ ጊዜ ፎርም ክሎዚንግ ሲመጣ ምልክቷን ያይና ያሳልፈዋል። መልሳችሁ ስትዘጉ «የያዝከውን ከጨረስክ በኋላ አድርገው» በሚለው በቢጊን ኢንቮክ በኩል አድርጉት፤ አንዳንዴ ሥራው በቅጽበት ያልቅና መዝጊያው ውስጥ ሆናችሁ መዝጊያውን ትጠራላችሁ፣ እሱ መጥለፍለፍ ነው። ሰው ደግሞ ትዕግሥት የለውም፣ ኤክሷን ሦስት አራት ጊዜ ይጫናል፤ ስለዚህ «እያስቀመጥኩ ነው» የምትል ሌላ ምልክት ያዙና ሥራው ሁለቴ እንዳይጀመር አድርጉ።

ካልተሳካስ? ዲስኩ ሞልቶ፣ ወይም ፋይሉ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ያኔ መስኮቱ መዘጋት የለበትም። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። ስሕተቱን ዋጥ አድርጎ የሚዘጋ ኮድ ብዙ አይቻለሁ፤ ትራይ ተከፍቶ፣ ስሕተቱን የሚይዘው ካች ባዶ ሆኖ፣ ሰውየው ተቀምጧል ብሎ እቤቱ ይሄዳል። ዳታው ያለው ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው፣ መስኮቱ ከተዘጋ የለም። ክፍት ይቆይ፣ ምን እንደተፈጠረ በግልጽ ይንገር፣ ሌላ ቦታ፣ ፍላሽም ቢሆን፣ የሚያስቀምጥበት መንገድ ይስጥ።

ቀጥሎ፣ የሚዘጋው ማን ነው? ሁልጊዜ ሰው አይደለም። ክሎዝ ሪዝን የሚባል ነገር ይነግራችኋል፦ ሰውየው ነው የዘጋው፣ ወይስ ዊንዶውስ ራሱ እየጠፋ ነው፣ ወይስ ሌላ ኮድ አፕሊኬሽን ኤግዚት ብሎ ነው። ዊንዶውስ እየጠፋ ከሆነ የጥያቄ ሳጥን አታውጡ። ሰውየው ሹት ዳውን ብሎ ተነስቶ ሄዷል፣ ማን ሊመልስላችሁ? ዊንዶውስ የሚጠብቃችሁ 5 ሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራ እያስተጓጎሉ ያሉ ፕሮግራሞች ብሎ ስማችሁን ያወጣል፣ በግድም ልትዘጉ ትችላላችሁ። ላይ የነገርኳችሁ የማስቀረት ዘዴም እዚህ አይሆንም፣ ምክንያቱም ማስቀረት ማለት የኮምፒውተሩን መጥፋት ማገድ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ያለ አዌይት፣ በቀጥታ፣ አጭር ነገር ጻፉና ውጡ። አፕሊኬሽን ኤግዚት ፎርም ክሎዚንግን ይጠራል። ኢንቫይሮመንት ኤግዚት ግን አይጠራም፤ ፕሮሰሱን ይዞት ይሄዳል። «ውጣ» የሚል ሜኑ ላይ ኢንቫይሮመንት ኤግዚት የጻፈ ሰው የኤክሷን መንገድ አጽድቶ የሜኑውን መንገድ ክፍት ትቶታል።

አሁን ስለ ጥያቄው ላውራ፣ ምክንያቱም ይሄ የእኛ የአማርኛ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ጽፌው የነበረው «ማስቀመጥ አይፈልጉም?» የሚል ነበር። ቁልፎቹ የስ እና ኖ። ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ሜሴጅ ቦክስ ላይ ያሉት ቁልፎች በኮምፒውተሩ ቋንቋ ነው የሚወጡት፤ ጥያቄው አማርኛ፣ መልሱ እንግሊዝኛ። ሁለተኛውና የከፋው፣ አማርኛ ላይ አፍራሽ ጥያቄ ሲመጣ «አዎ» የሚለው መልስ ወዲህም ወዲያም ይሄዳል። «አልበላህም?» ሲሉን «አዎ፣ አልበላሁም» እንላለን፤ ማለትም ከአፍራሹ ጋር እንስማማለን። «ማስቀመጥ አይፈልጉም?» ብላችሁ «አዎ» ሲጫን ምን አለ ማለት ነው? እንግሊዝኛውን የለመደ አንድ ነገር ይገባዋል፣ በአማርኛ የሚያስብ ሌላ። ዳታ በዚህ መጥፋት የለበትም።

ስለዚህ ቁልፉ ላይ ሥራው ራሱ ይጻፍ። «አስቀምጦ መውጣት»፣ «ሳያስቀምጡ መውጣት»፣ «ወደ ሥራ መመለስ»። «አስቀምጥ» ያላልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ሴት ናት፣ እትዬ ደግሞ አንተም አንቺም የሚባሉ አይደሉም፣ «መውጣት» ካላችሁ ግን ሁሉንም ያስማማል። ከዶት ኔት 5 ጀምሮ ዊንዶውስ ፎርምስ ላይ ታስክ ዲያሎግ የሚባል አለ፣ ቁልፉ ላይ የፈለጋችሁትን መጻፍ ይቻላል። ከዚያ በፊት ባለው የምትሠሩ ትንሽ ፎርም በእጅ ሥሩ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምንም ያልተለወጠ ከሆነ አትጠይቁ። በከንቱ የሚጠየቅ ሰው ሳያነብ መጫን ይለምዳል፣ የእውነት የሚያስፈልግ ቀንም ሳያነብ ይጫናል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የተማሪ ፕሮጀክት ሳይ ሁልጊዜ የማገኘው። ሎግ ኢን ፎርም አለ። የይለፍ ቃሉ ልክ ሲሆን ዋናው ፎርም ይከፈትና ሎግ ኢኑ ሃይድ ይደረጋል። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ዋናውን ፎርም ይዘጋል። ሁሉም የተዘጋ ይመስላል፣ ግን አልተዘጋም፤ ፕሮግራሙ የተነሳው በሎግ ኢን ፎርሙ ነው፣ እሱ ተደብቆ አለ። ታስክ ማናጀርን ብትከፍቱ ስሙን ታገኙታላችሁ። አምስት ጊዜ ተከፍቶ የተዘጋ ፕሮግራም አምስት ቦታ ላይ ይሮጣል፣ የዳታቤዙን ፋይል እንደያዘ። እናንተም ቪዥዋል ስቱዲዮ ላይ እንደገና ቢልድ ስታደርጉ ፋይሉ በሌላ ፕሮሰስ ተይዟል ይላችኋል፣ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ታደርጋላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሜይን ውስጥ መጀመሪያ ሎግ ኢኑን በሾው ዲያሎግ ክፈቱ፤ ልክ ከሆነ ከዚያ በኋላ አፕሊኬሽን ረንን በዋናው ፎርም ጥሩ። በሾው ዲያሎግ የተከፈተ ፎርም ደግሞ ሲዘጋ የሚደበቅ እንጂ የሚፈርስ አይደለም፣ ስለዚህ ዩዚንግ ውስጥ አድርጉት፣ ሲያልቅ ዲስፖዝ ይደረግ፣ ማለትም ይፍረስ።

ትሬድም እንደዚሁ ነው። በእጃችሁ የፈጠራችሁት ትሬድ ካልነገራችሁት ፎርግራውንድ ነው፣ መስኮቱ ተዘግቶም ፕሮሰሱን በሕይወት ያቆየዋል። ታስክ ረን ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ የኔን ጉድ ያያችሁት ነው። ሁለቱም ላይ ትክክለኛው መንገድ «አቁም» ብሎ መጠየቅና እስኪያቆም መጠበቅ ነው። ስትጠብቁ ግን ተጠንቀቁ። ፎርም ክሎዚንግ ውስጥ ዌይት ብላችሁ መስኮቱን ቀጥ አድርጋችሁ ስትጠብቁ፣ ያ ትሬድ ደግሞ ስክሪን ላይ አንድ ነገር ለመጻፍ ኢንቮክ ብሎ የእናንተን መስኮት ይጠብቃል። እናንተ እሱን፣ እሱ እናንተን። ሰውየው ያለው ምርጫ በግድ መግደል ብቻ ነው፣ በግድ ሲገደል ደግሞ ከላይ ያልነው ሁሉ አይሠራም።

እስካሁን የጻፍኩትን ሁሉ አስተካክዬ ለእትዬ ወስጄ ጫንኩላቸው። ሠራ። ግን እዚያ ቁጭ ብዬ ሳለ መብራት ሄደ። እነሱ ምንም አልመሰላቸውም፣ ሻማ አበሩ። እኔ ግን ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ገባኝ። መብራት ሲሄድ ፎርም ክሎዚንግ አይመጣም። «ልዝጋ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያቺን የመዝጊያ ሰዓት ምን ያህል ባሳምራት፣ ፕሮግራሜ እዚያች ሰዓት ላይ እስከተንጠለጠለ ድረስ የሰዎቹ የቀን ሥራ በመብራት እጅ ነው ያለው። ዩፒኤስ ይገዛ ይባላል፣ ይገዛ፤ የዩፒኤሱ ባትሪ ሲያረጅስ?

ስለዚህ ማስቀመጥን ከመዝጋት ጋር ማሰር ራሱ ስሕተት ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ የቆጠራውን ገጽ እንደ አዲስ ጻፍኩት። አሁን አንድ መስመር ገብቶ ኢንተር ሲጫን ያ መስመር ረቂቅ ወደሚባል ሠንጠረዥ በራሱ ትንሽ ትራንዛክሽን ይገባል፣ ወዲያው ኮሚት ይደረጋል። «ቆጠራ ጨርስ» የሚለው ቁልፍ ከረቂቅ ወደ ዋናው ሠንጠረዥ ያሻግራል። ኤክስ ከተጫነ ደግሞ ረቂቁ እዚያው ይጠብቃል፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት «ያልተጠናቀቀ ቆጠራ አለ፣ ይቀጥሉ?» ይላል። ፎርም ክሎዚንግ ላይ የነበረው ያ ሁሉ ኮድ ወደ ስድስት መስመር ወረደ። የሚሠራው ገና ኢንተር ያልተጫነበት አንድ መስመር ካለ እሱን ማስገባት ብቻ ነው። የጥያቄ ሳጥኑም ከዚህ ገጽ ላይ ጠፋ። አፕል በ2011 ላየን የተባለውን ሲስተም ሲያወጣ ፋይል በራሱ ሴቭ እንዲሆን ያደረገው ከዚሁ ሐሳብ ነው። አንድሮይድ ላይ የምትሠሩ ይሄን በግድ ታውቁታላችሁ፤ ገጹ ሲፈርስ የሚጠራው ኦን ዲስትሮይ መጠራቱ ዋስትና የለውም፣ ሲስተሙ ሜሞሪ ሲያጥረው ከጀርባ ያለውን አፕ ዝም ብሎ ይገድላል፣ ስለዚህ ኦን ፖዝ ወይም ኦን ስቶፕ ላይ ማስቀመጥ ነው። ዌብ ላይም ገጹ ሊዘጋ ሲል በሚመጣው ቢፎር አንሎድ ላይ አትተማመኑ፣ በተለይ ስልክ ላይ።

ዳታቤዝ የማትጠቀሙ፣ በፋይል የምታስቀምጡ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በነባሩ ፋይል ላይ በቀጥታ አትጻፉ። ፋይል ራይት ኦል ቴክስት መጀመሪያ ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል፣ ከዚያ ይጽፋል። መሐል ላይ መብራት ከሄደ አሮጌውም የለም፣ አዲሱም የለም፤ 0 ባይት የሆነ ፋይል ነው የሚቀራችሁ። አዲሱን እዚያው ፎልደር ውስጥ በሌላ ስም ጻፉ፣ Flush(true) በሚለው ትእዛዝ እስከ ዲስኩ ድረስ አውርዱት፣ ከዚያ በፋይል ሪፕሌስ ቀይሩት፤ አሮጌውንም ባክአፕ አድርጎ ያስቀርላችኋል። ፓይተን ላይ ኦኤስ ሪፕሌስ አለ።

ስለ ባክአፕ ካነሳሁ አይቀር፣ እትዬ በየሳምንቱ የዳታቤዙን ፋይል በፍላሽ ይወስዳሉ። ጥሩ ልማድ ነው። ግን ኤስኪውላይት ዋል (WAL) በሚባለው ዘዴ ሲሠራ አዲስ የገባው ዳታ ዋናው ፋይል ውስጥ ሳይሆን ጎኑ ባለ ሌላ ፋይል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ወደ ዋናው መጠቃለሉን የምትተማመኑት የመጨረሻው ኮኔክሽን በሥርዓቱ ሲዘጋ ነው። ፕሮግራሙ ክፍት ሆኖ፣ ወይም ያ የተደበቀ ሎግ ኢን ፎርም ፋይሉን እንደያዘ፣ ዋናውን ፋይል ብቻ ኮፒ ያደረገ ሰው የቅርብ ቀኑን ሥራ ትቶት ሄዷል። ማይክሮሶፍት ዳታ ኤስኪውላይትን የምትጠቀሙ ደግሞ ከ6.0 ጀምሮ ኮኔክሽኑን ክሎዝ ብትሉትም ፑል (ለድጋሚ መጠቀሚያ የሚያቆይበት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ስለሚያቆየው ፋይሉ እንደተያዘ ይቆያል፤ ክሊር ኦል ፑልስ ማለት አለባችሁ። እኔ አሁን ኮፒውን ለሰው አልተውኩትም። «ባክአፕ» የሚል ቁልፍ አለ፣ ቫኪዩም ኢንቱ በሚለው ትእዛዝ ሙሉና የተጠቃለለ ፋይል ፍላሹ ላይ ያወጣል።

ትንሽ ነገር ግን ሰው የሚያስጨንቅ፦ የመስኮቱን ቦታና ስፋት ሲዘጋ የምታስቀምጡ ከሆነ፣ መስኮቱ ሚኒማይዝ ሆኖ ሲዘጋ ቦታው -32000 ነው የሚለው። እሱን አስቀምጣችሁ በነጋታው ከከፈታችሁት ፕሮግራሙ ተከፍቶ የትም አይታይም። ሪስቶር ባውንድስ የሚለውን ውሰዱ፣ ስትከፍቱም ቦታው ስክሪን ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ።

አሁን አንድ ፕሮግራም ለሰው ከመስጠቴ በፊት እንዲህ አደርጋለሁ። በ20 ዕቃ አልሞክርም፣ 5,000 መስመር እሞላበታለሁ፣ የማገኘው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ። መሐል ላይ ኤክሷን እጫናለሁ። ሹት ዳውን አደርጋለሁ። ከታስክ ማናጀር እገድለዋለሁ። በመጨረሻ የዴስክቶፑን ገመድ ከሶኬት እነቅላለሁ። ከእያንዳንዱ በኋላ ከፍቼ ስንት መስመር እንደቀረ እቆጥራለሁ። ከአንድ በላይ ከጎደለ አልሰጥም።

አምና ሰኔ ላይ እትዬ ጋ ቆጠራው ሲጀመር እዚያው ነበርኩ። ሁለት ጊዜ መብራት ሄዷል፣ ሁለቱንም ጊዜ ካቆሙበት ቀጠሉ። ማታ ላይ ግን ገንዘብ ተቀባይዋ ፕሮግራሙን ከፍታ ዝም ብላ ተቀምጣለች። ምን ሆነሽ ስላት፣ «አስቀምጥ የሚለው የት ሄደ? ሳላስቀምጥ ልዘጋው ነው እንዴ?» አለችኝ። ሁሉም በራሱ እየተቀመጠ እንደሆነ የሚነግራት ምንም ነገር አላደረግኩም ነበር። ያን ሁሉ ያለፈችውን ሰው ዝም ብለሽ እመኚኝ ማለት አይቻልም።

እዚያው ላፕቶፔን አወጣሁና ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር ጨመርኩ። «1,086 ዕቃ ተቀምጧል፣ መጨረሻ የተቀመጠው ምሽት 12:47።» ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ኮምፒውተሩ ከሚለው ላይ 6 ሰዓት ቀንሼ። እሷ ወረቀቱ ላይ ያለውን ድምር ከመስመሩ ጋር አስተያየች። 1,086 ነው። ኤክሷን ተጫነች።